ዘጌና ዩጎዝላቪያ

ባልቴቷ ባይጠይቁ ኖሮ መምህር ሀብተ ሥላሴ በሰላም ቤቱ ይገባ ነበር።

ሐምሌ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። አገሩ ሁሉ በሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ላይ እንዲወያይ ታዞ፣ በሐይቅ ዳሯ ከተማ የፋሲሎ ሰፈር ሰውም ዝናቡን ተጋፍቶ የቀበሌውን አዳራሽ ሞልቶታል። ረቂቁ ሲነበብ "አሃዳዊ መንግሥት" የሚል ቃል መጣ። አንዲት ባልቴት ብድግ አሉና፣ "ልጆቼ፣ አሃዳዊ ያልሆነውስ ምን ዓይነት ነው?" አሉ። ካድሬው ጓድ አዘዘ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወረቀቱን አገላበጠ፤ በመጨረሻም ጂኦግራፊ አስተማሪው ሀብተ ሥላሴ እንዲያስረዳ ጋበዘው።

ሀብተ ሥላሴ ደግሞ ለማስረዳት ማን ብሎት! ከሶቪየት ኅብረት ሪፐብሊኮች ተነሥቶ ወደ ዩጎዝላቪያ ተሻገረ። ናይጄሪያ በየግዛቷ አስተዳዳሪ እንዳላት፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ እያንዳንዱ አውራጃ የገዛ ትምህርት ቤቱን እንደሚመራ፣ ፈረንሳይ ግን ሁሉን ከፓሪስ እንደምታዝ ተነተነ። ሰዉ ማዛጋት ጀመረ። ያን ጊዜ፣ የመሪጌታ ልጅ ነውና፣ ከልጅነቱ የሚያውቀው ምሳሌ አመለጠው።

"እናቴ፣ የገዳሙን አገር ዘጌን ይዩት። በሬ አይጠመድበትም። ደሴቱ ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ሌላ ደሴት ግን ሴት የሚገባበት አለ። ሁሉም በገዛ ሥርዓቱ ያድራል፤ ጳጳሱ ግን አንድ፣ ቅዳሴውም አንድ ነው። ፌዴራል ማለት ይኸው ነው። ደግሞስ ተስማምተው ይኖሩ የለ!"

"እሰይ! አሁን ገባኝ" አሉ ባልቴቷ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሀብተ ሥላሴ ምን እንዳለ የገባው ያኔ ነው። በሶሻሊስት ስብሰባ ላይ ገዳምን የመንግሥት ምሳሌ አደረገ፤ በዚያ ላይ፣ ጦርነቱ እንዲያ በጋለበት ዘመን፣ የገንጣዮችን ወሬ ያመሰገነ መሰለ። ጓድ አዘዘ አላጨበጨበም፤ ይጽፍ ነበር።

"ነገ ጠዋት ቢሮ እፈልግሃለሁ" አለው ሲወጡ።

ሚስቱ ባንቺአየሁ ነገሩን ስትሰማ አላለቀሰችም፤ ተቆጣች። "ዘጌን ከናይጄሪያ ጋር ምን አገናኘው? ማን አስገባህ?" አለች። ጠዋት ግን ብርድ ልብስና ስንቅ ቋጥራ ተከተለችው። ሰው አንዴ ከታሰረ በኋላ ዕቃ ማስገባት መከራ መሆኑን በዚያ ዘመን ያላወቀ አልነበረም። ሐይቁን ዳር ዳር ይዘው ሄዱ፤ እሷ ከቢሮው በር ውጭ ቀረች።

ጓድ አዘዘ በሩን ዘጋ። "ትናንት ያልኸውን ድገመው።"

ሀብተ ሥላሴ ከሩቁ አገር ጀመረ። ሶቪየትን አለ፣ ናይጄሪያን አለ፣ ስዊዘርላንድን በሹክሹክታ አለፋት፤ አሃዳዊውን አሞግሶ አሞግሶ አበቃ።

"ዘጌን ዘለልኸው።"

አለቀልኝ አለ በልቡ። ዘጌንም ክብራንንም ደገማቸው፤ አዘዘ ቃል በቃል ጻፈ። ጽፎ ሲያበቃ ቀና አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ግን ቁጣ ሳይሆን እፍረት ነው።

"ጋሼ" አለ። ሀብተ ሥላሴ ጆሮውን አላመነም። "እኔ የአንበሳሜ ገበሬ ልጅ ነኝ። ካድሬ ትምህርት ቤት ዩጎዝላቪያን ሸመደድሁ እንጂ አልገባኝም ነበር፤ የገባኝ ትናንት ነው። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ሰባታሚት ሄጄ ለገበሬው አስረዳለሁ። ያ ገበሬ በጥያቄ ያፋጥጠኛል። የእርስዎን ምሳሌ ልወስዳት ነው።"

"ታዲያ... አልታሰርሁም?"

"በምን ነገር? ይልቅ ከእርስዎ መማሬን ለማንም አይንገሩ። ለባለቤትዎም ቢሆን። በማርያም ይዤዎታለሁ!"

ሀብተ ሥላሴ ከአዘዘ ራስ በላይ የተሰቀለውን የነማርክስን ሥዕል ከነጢማቸው አየ፤ ሳቁን ዋጠ። እንዴት እንደ ወጣ አያውቅም። የሐይቁ ነፋስ ፊቱን ሲመታው የሚኖርበት ዓለም እንደ ገና የተሰጠው መሰለውና እንባው መጣ።

ባንቺአየሁ ሮጣ መጣች። "ምን አሉህ? ምን ጠየቁህ?"

"እንዳልናገር በማርያም ተይዣለሁ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳታወጣጣው አትለቀውም ነበር። አሁን ግን ክንዱን ጨብጣ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ፊቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

"አትንገረኝ" አለችው። "ወጥተህልኛል፤ ሌላ ምን ልስማ?"