የሃዎ ዘፈን

የሠርግ ዘፋኙ ኩልሚዬ ባለክር ዑዱን በብብቱ ይዞ በመጋላ ሰፈር ጠባብ መንገድ ሲጣደፍ፣ ከዓብዱልአዚዝ ካሴት ቤት የሚወጣው ዘፈን እስከ መስጊዱ ጥግ ይሰማ ነበር። ዘፈኑ የራሱ ነው። ድምፁ ግን የሌላ ሰው።

ወሬውን ያመጣችለት ሚስቱ ሃዎ ናት። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ስትገዛ ሰምታ፣ እሱ ለእሷ ያወጣውን ዘፈን የማታውቀው ጎረምሳ ስሟን እየጠራ እንደሚዘፍነው፣ ያውም አሳምሮ እንደሚዘፍነው፣ እየሳቀች ነገረችው። እሱ መሳቅ አቃተው።

ዓብዱልአዚዝ ሁለት መቅጃ ቴፖች ከጅቡቲ በባቡር አስመጥቶ ሱቁን ሲከፍት ደንበኛ አልነበረውም። ኩልሚዬ ቤት ድረስ ሄዶ፣ "ዘፈኑ ያንተ፣ ማሽኑ የኔ። ቅዳና የፈለግህበት ሽጠው" ብሎ ለመነው። ኩልሚዬ ሌሎቹንም የሠርግ ዘፋኞች ይዞ መጣ። ሰዓት እላፊ ከታወጀ ወዲህ ሠርግ ሁሉ በቀን ስለሆነ፣ ጠዋት ይቀዱ፣ ከሰዓት ሠርግ ቤት ካሴታቸውን ይሸጡ ነበር። የሱቁ ስም በከተማው የተሰማው በእነሱ ነው።

ኋላ ውሉ ቀስ በቀስ ተለወጠ። መጀመሪያ እዚህ የቀዳ ሌላ ቤት አይቀዳም ተባለ። ቆይቶ ካሴቱን ከሱቁ ውጭ መሸጥ ተከለከለ። አሁን ደግሞ ዓብዱልአዚዝ የራሱን ዘፋኝ ቀጥሮ የእነሱን ዘፈን ያዘፍነው ጀመር።

ኩልሚዬ ሲገባ ዓብዱልአዚዝ ቴፑን ቀነሰና በርጩማ ሳበለት። ከያዘው ጫት ለጋ ለጋውን መርጦ ሰጠው። ሃዎ ምጥ የያዛት ቀን መኪና ለምኖ ሆስፒታል ያደረሳት ይኸው ሰው ነው። ኩልሚዬ መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀው ስድብ አፉ ላይ ቀረ።

"የሃዎን ስም እንኳ አልቀየራችሁትም" አለ በመጨረሻ።

"ብቀይረው ዘፈኑ ይሞታል።"

"ለምን አልጠየቅኸኝም?"

"እምቢ ትለኛለህ ብዬ ፈራኋ። አቦ ኩልሚዬ፣ አንተ ስትታመም፣ ሠርግ ሲበዛብህ፣ ሱቁ ባዶውን ይውላል። የእናንተን ጉሮሮ እየጠበቅሁ እስከ መቼ ልኑር?"

"እኛም ያንተን ማሽን እየጠበቅን ነው የኖርነው።"

 ዓብዱልአዚዝ፣ ኩልሚዬ ለሕፃኗ ልጁ አዲስ ዘፈን ማውጣቱን እንደሰማ ነገረው። ያንን ዘፈን ቀድተው እንዲታረቁ ጠየቀው፤ በካሴቱ ሽፋን ላይ የኩልሚዬን ስም ከሱቁ ስም በላይ አድርጎ እንደሚያስጽፍም ማለለት። ይህን እያለ ባዶ ካሴት ከተተ፣ ማይክሮፎኑን ወደ ዑዱ አስጠጋና መቅጃውን ተጫነ። ቀይዋ መብራት በራች።

ኩልሚዬ ክሮቹን ቃኘ። መብራቷን አየ፣ ከዚያ የወዳጁን ፊት አየ። ዓብዱልአዚዝ ሸብቷል፤ እስከ ዛሬ ልብ አላለውም ነበር።

"አጥፋው" አለው። "ለማሽኑ ሳይሆን ላንተ ልዝፈነው።"

ዓብዱልአዚዝ ጣቱ መቅጃው ላይ ጥቂት ዋለለ። ከዚያ አጠፋውና በሩን ገርበብ አድርጎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ኩልሚዬ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈነለት። ሲጨርስ ዓብዱልአዚዝ ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ።

"ወላሂ ይኼማ ካልተቀዳ ኃጢአት ነው።"

ኩልሚዬ ዑዱን አንስቶ ተነሳ።

"ሐሙስ የጎረቤቴ የአብዲቃድር ልጅ ሠርግ ላይ እዘፍነዋለሁ" አለው። "ና፤ ከፊት አስቀምጥሃለሁ። ማሽኑን ግን እዚሁ ተወው።"