የተዋጠ ትንፋሽ

ገላነሽ የባሏን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጇ ሰሌኑ ላይ ተጭና ይዛለች። ዓለሙ እጁን ከማጅራቱ ኋላ ቆላልፎ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ከወገቡ ብድግ ሲል ዓይኗ ሆዱ ላይ አረፈ። ከደረቱ አጥንት ሥር እስከ እምብርቱ ድረስ ከቆዳው ውስጥ አንድ ነገር ተገትሯል። የዓሣ ጀርባ ይመስላል። እግሩን ለቀቀችው።

«ምነው ለቀቅሽኝ?»

በጣቷ ሆዱን አመለከተችው። ዓለሙ ጎንበስ ብሎ አየው። ትንፋሹን ሲለቅ ጉብታው ጠፋ። ተኛና እንደገና ትንፋሹን ውጦ ተነሣ። ያው ነገር ብቅ አለ።

«አንጀቴ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ገላነሽ የመድኃኔዓለምን ስም ጠርታ ግድግዳውን ተደገፈች። ሁለቱም ያሰቡት አሰፋን ነው። አሰፋ ከከተማው ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ ካለው የቡና መጋዘን ከዓለሙ ጋር ጆንያ ሲሸከም የኖረ ጎልማሳ ነው። አምና ክረምት ጆንያ ሲያነሣ አንጀቱ ወደ ብሽሽቱ ወርዶ ቡአ ሆነበትና ይኸው እስከ ዛሬ ደጅ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ሲያስለው ብሽሽቱን በመዳፉ ደግፎ ይይዛል።

ዓለሙ ከዚያ መጋዘን ሊወጣ የቆረጠውም አሰፋን ካየ በኋላ ነው። ለፖሊስነት ምልመላ ሰኞ ሊቀርብ ስሙን አስመዝግቧል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያየው ሆድ ነው ይባላል፤ አንዴ ጉድለት የተገኘበት ደግሞ ተመልሶ ቢመጣ የሚሰማው የለም። የሚያሠለጥኑት ጎረቤታቸው ባሻ እንደሻው ናቸው፤ ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ። ትምህርታቸው አንድ ነው፤ ትንፋሽ ጉልበት ነው፤ ሲነሣ ትንፋሹን የለቀቀ ጉልበቱን ለነፋስ ሰጠ። ዋጠውና ሆድህን ቆልፍ ይሉታል።

ገላነሽ ለባሻ እንንገራቸው ብትል ዓለሙ አሻፈረኝ አለ። ለሆድ የምታውቀው መድኃኒት ማሰር ብቻ ነውና በመቀነቷ ጠፍራ አሰረችው። እሱም እንደታሰረ ተኝቶ መነሣቱን ቀጠለ። ከመቀነቱ በላይ ጉብታው ብሶ ወጣ።

እንዲህ እያሉ ሳለ የግቢው ባለቤት እትዬ ዐዚዛ የተዋሱትን ሙቀጫ ሊመልሱ ብቅ አሉ። ሆዱን አዩ። ከዚያ የበሩን መቃን ይዘው ሳቁ።

«ወላሂ ገላነሽ፣ ባልሽ ወልዶ ሳትነግሪኝ!»

ዓለሙ ጋቢውን ሳበ። እትዬ ዐዚዛ ግን ሙቀጫውን አስቀምጠው አጠገቡ ተቀመጡ። የሰፈሩን እኩሌታ ሴት ያዋለዱ ናቸው። ይህን በአራስ ሆድ ላይ ስንቴ አይተውታል፤ የሆድ ሥጋ መሐል ለመሐል ይላቀቃል፣ ቁልፉ እንደተፈታ ሸሚዝ። አንጀቱ ገና አልወጣም፤ እንዲህ ከቀጠለ ግን መውጣቱ አይቀርም አሉ።

«የተነፋ አቅማዳ አፉን አስረህ ብትቀመጥበት በየት ይወጣል? በሳሳው በኩል ነዋ። መቀነቱን ፍታ። ስትነሣ ትኩስ ሾርባ እንደምታበርድ ኡፍ በል።»

የገላነሽን መዳፍ ይዘው ሆዱ ላይ አኖሩት። ዓለሙ ኡፍ እያለ ሲነሣ ሆዱ ከመዳፏ ሸሽቶ ወደ ጀርባው ተሳበ፤ ከውስጥ ገመድ የከረረ መሰላት። ጉብታው የለም። ከመጀመሪያው ይልቅ ይኼ አስደነገጣት። ያን ሁሉ ቀን እግሩን ይዛ ስትረዳው የኖረችው ሆዱን እንዲቀድ ኖሯል? በስቅለት ስግደት ድምፃቸውን አውጥተው ኪርያላይሶን የሚሉት እስከ ማታ ሲዘልቁ፣ አፋቸውን ገጥመው የሚሰግዱት ቀድመው ሲዝሉ ስታይ ነው ያደገችው። እንዴት አላሰበችውም?

ዓለሙ ግን ጥቂት ተነሥቶ ተንቀጠቀጠና ተዘረረ። ትንፋሹን ውጦ ሲሠራ የነበረው ጉልበት የት እንደገባ አያውቅም። እትዬ ዐዚዛ ቀስ በቀስ ይመጣል፣ ጊዜ ስጠው አሉና ወጡ።

«ምልመላው ሰኞ ነው» አለ።

«ሆድህስ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግሥቱ ጧት ባሻ እንደሻው ከደጅ ሲጣሩ ገላነሽ ነጠላዋን ደርባ ወጣች።

«ዓለሙ በዚህ ምልመላ አይቀርብም፣ ባሻ» አለቻቸው። ባሏን ሳታማክር ነው። ከዚያ ያየችውንና የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«የባልቴት ወሬ ሰምተሽ ነው ወንዱን የምታስቀሪው? እኔ ይኼን ሁሉ ዘመን ትንፋሼን ውጬ ስሠራ ምን ሆንኩ?»

ይህን ብለው ሆዳቸውን በመዳፋቸው መቱ። የሥጋ ድምፅ አልወጣም። ከካፖርታቸው ሥር ደረቅ ቆዳ ጓ አለ፤ እንደ ኮርቻ መታጠቂያ ያለ ሰፊ ቀበቶ ነው። ቁጣው አሳላቸውና እጃቸው ሳያዙት ወርዶ ብሽሽታቸውን ደገፈ።

ገላነሽ ዓይኗን ከእጃቸው መንቀል አቃታት። ባሻም እጃቸው የት እንዳለ ያወቁት እሷ ስታየው ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የሱ ሲተኛ ይገባለታል?»

«ይገባለታል።»

«የኔ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እምቢ ብሏል።» ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር። «ዐዚዛ… ወንድ ታያለች?»

«እርስዎንስ ሐኪም ነው የሚያይዎት፣ ባሻ። ዛሬውኑ።»

ያን ጊዜ ዓለሙ ሸሚዙን እየቆለፈ ከቤት ወጣ። ሁሉንም ሰምቷል። የባሻን ክንድ ከብብታቸው ሥር ያዘና ፊታቸውን ወደ ሐኪም ቤቱ መንገድ አዞራቸው። ባሻ ዳገቱን ሲጀምሩ ከልማዳቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ጉንጫቸውን ነፉ።

«አይዋጡት፣ ባሻ» አላቸው ዓለሙ። «እየተነፈሱ ይሂዱ።»