የቦጋለችና የይርጋ ጥማድ

«ፎቶ የተነሣ በሬ ለግብር ይመዘገባል» ትላለች እትዬ ሙሉዓለም። ወፍጮ ቤት ትላለች፤ ከቅዳሴ መልስም ትላለች። ማን ነገረሽ ሲሏት መልሷ «ሰው» ነው።

ነገሩ በስልኬ ፎቶ ለማነሣው ለኔ መሆኑ አልጠፋኝም። በዚህ አገር ብርሃን በየት በኩል እንደሚመጣ አይቶ የሚያነሣ ከኔ ሌላ የለም፤ ያስተማረኝም የለም።

በዚያ ሰኔ ግን ሥራዬ የጨዋታ አልነበረም። ቦጋለች ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቷ ነው። የባሏ ወንድም መልካሙ «በአንድ በሬ ምን ታርሳለች? መሬቱ ጦም ከሚያድር እኔ አርሼ ምርቱን እንድንካፈል በእኩል ትስጠኝ» ብሎ ሽማግሌ ሰብስቦባታል። ነገሩ አርብ ከገበያ መልስ ይቆረጣል። የቦጋለች መሬት ጦም አድሮ አያውቅም። የሷን በሬ ዳልቻን ከጎረቤቷ ከአያ ይርጋ በሬ ከቦራ ጋር አቀናጅተው፣ አንድ ቀን የሳቸው ማሳ አንድ ቀን የሷ ይታረሳል። እሳቸው ያርሱላታል፤ እሷ ገብሳቸውን ታርምላቸዋለች። የቀበሌ መዝገብ ላይ እሷም አንድ በሬ፣ እሳቸውም አንድ በሬ ነው የሚለው። ማሳው ላይ ግን ጥማድ ነው። ሰው በየቀኑ እያየው አልፎ ይሄዳል፤ እኔ ቆሞ እንዲያየው ፈለግሁ።

«አያ ይርጋ፣ ላንሣዎት።»

«እኔን አንሺ። ቦራን ተይው።»

«እርስዎን ማን ያያል? የሚታየው በሬው ነው!»

ሳቁ፤ እሺ ግን አላሉም።

«የሙሉዓለምን ወሬ ፈርተው ነው? ይኸን የሚያህል ሰውዬ!»

ጓል ስትከሰክስ የነበረችው ቦጋለች ቀና አለች። «ተያቸው እባክሽ። ያልወደዱትን አታስጨንቂያቸው። የመጣው ይምጣ።»

አያ ይርጋ እሷን አዩዋት። ከዚያ ጅራፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው «በይ አንሺ» አሉኝ፤ «ሁለቱንም።»

የሁለቱንም ማሳ፣ የሁለቱንም ተራ አነሣሁ። አርብ ገበያ አሳትሜ ለሽማግሌዎቹ ሰጠኋቸው። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

«ይኸ በስተኋላ ያለው የኔ አጥር አይደለም?»

«አጥርህን ተወውና በሬዎቹን እይ!»

መልካሙ ፎቶውን እንደያዘ «እሺ፣ ነገ ይርጋ ቢተዋትስ?» አለ።

አያ ይርጋ ተነሡ። «ቦራ ብቻውን አያርስ! ትቻት ከማን ጋር ልቀናጅ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጥማድ ያላት ሴት መሬቷን ለእኩል አትሰጥም አሉ፤ በዚሁ ተቆረጠ። መልካሙ ፎቶውን ወዲያው አልመለሰውም። «የወንድሜ ማሳ አምሮበታል» አለ፣ ቀስ ብሎ። 

ኅዳር ላይ፣ የቦጋለች ገብስ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ የአያ ይርጋ የልጅ ልጅ ክርስትና ተነሥቶ ፎቶ ላነሣ ከኛ ከጋይንት ወደ ስማዳ ወረድሁ። አማቻቸው ምንይችል እጄን ይዞ ወደ በረቱ ወሰደኝ።

«ይኸን መጋሉን በሬ አሳምረሽ አንሺልኝ» አለኝ። «የአማቴ ነው። ከገዙት ሦስት ዓመቱ። ‹ጋይንት ካመጣሁት ቦጋለች በሬዋን ከማን ጋር ታቀናጃለች?› ብለው ነው እኔ ዘንድ ያስቀመጡት።»