በብረቱ ሆድ ውስጥ የተገኘ ውሃ

የጠርሙሱ ቡሽ መዳፌ ውስጥ እንደቀረ ያየሁት የብረቱ ክዳን በብሎን ከጠበቀ በኋላ ነው።

ልጄ ዳኜ ከኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ከወጣ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራው ነው፤ የቀይ ባሕርን ጥልቅ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ የሚቀመጥበት ወፍራም የብረት ቤት። ነገ ጠዋት ወደ ምፅዋ ይጫናል። ውሃ ካስገባ ሥራው ለውጭ አገር ሰዎች ይሰጣል። እዚያ ጥልቀት ውስጥ ባሕሩ ብረትን እንደ እንቁላል ይሰብራል ብሎ የነገረኝም ራሱ ነው። ለእናት ይህ ይነገራል?

ስለዚህ ማንም ሳያየኝ አንዲት የሽቶ ጠርሙስ ጸበል ብረቱ ሆድ ውስጥ ላኖር ጋራዡ ገባሁ። መጀመሪያ ልረጭ ቡሹን ነቀልኩ፤ የኦቦ ቀጄላን ሳል ስሰማ ጠርሙሱን ሳልከድን ከትቼ ወጣሁ።

ኦቦ ቀጄላ ብረቱ የሚሠራበት የዓለም ገናው ጋራዥ ባለቤት ናቸው። ከዳኜ ጋር ሆነው ብረቱን ውሃ በሞላ ቱቦ ውስጥ አጋደሙት፤ ከዚያ እንደ ጥልቁ ባሕር እንዲጨምቀው ውሃውን በከባድ መኪና ክሪክ ይጫኑት ጀመር።

«ሃዳ ዳኜ፣ ምነው ፊትሽ ገረጣ? የምንጨቁነው እኮ ብረቱን ነው» አሉኝ። የዳኜ እናት ማለታቸው ነው።

ክዳኑ ሲከፈት ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ዳኜ ሞረድ አነሳ።

«የክዳኑ ጎማ የሚቀመጥበት ቦይ አልበቃም። ትንሽ ልሞርደው።»

«አትንካው» አልኩ። «ውሃው የኔ ነው።»

«እማዬ፣ እኔን ለማጽናናት ብለሽ ነው።»

ቡሹን አሳየሁት። ኦቦ ቀጄላ እጃቸውን ወደ ብረቱ ሆድ ሰደው ጠርሙሷን አወጡና አሸተቱ።

«ባሕሩ የሴት ሽቶ ሸተተ» አሉ።

ዳኜ ግን አልሳቀም። «ውሃው ግማሹ የሷ፣ ግማሹ በኛ ክዳን የገባ ቢሆንስ?»

ሆዱን በጨርቅ አደረቁ፤ ደረቅ ጋዜጣ ከተቱበት፤ ክዳኑን መልሰው አጠበቁ። ክሪኩ ሲንቋቋ እኔ ደጅ ቆሜ ሥራ አበላሸሽ ተብዬ ስለምገባበት እስር ቤት አስብ ነበር። በመጨረሻ ጋዜጣው ወጣ። ዳኜ ጆሮዬ አጠገብ አምጥቶ ጨበጠው፤ እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ።

«ይዟል፣ እማዬ።»

«እስኪ ድገመው» አልኩት።

ደገመልኝ። ቀኑ ሲጨልም ብረቱን በጆንያ ጠቅልለው በሩ ሥር አኖሩት። በጨለማው አንዴ ልዳብሰው ብል ኦቦ ቀጄላ መንገዱን ዘጉብኝ።

«ሃዳ ዳኜ፣ እጅሽን አሳዪኝ።»

ሁለቱንም ዘረጋሁ። ባዶ ነበሩ። ወደ ደጅ አስቀደሙኝና በሩን ቆለፉ።