ችኩሌ የተባለው ፖም

ቁመቷ አጭር፣ አነጋገሯ ቀጥተኛ ስለሆነ የሚያውቋት ሁሉ «መርፌ» ይሏታል። በዚያ ላይ ልብስ ሰፊ ናት። ስሙን ያወጣላት የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ሊያበሽቃት ብሎ ነበር፤ እሷ ግን ወደደችው።

ከቤታቸው ጀርባ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች በጋራ የያዙት የፖም እርሻ አለ። አብዛኛው ዛፍ ዘግይቶ የሚደርስ፣ ፍሬው መጋዘን ገብቶ ወራት የሚቆይ ዓይነት ነው። ከታች፣ አጥሩን ተጠግቶ ያለው ተርታ ግን ባሏ ራሱ መርጦ የተከለው «ችኩሌ» የሚሉት ዝርያ ነው። ሌላው ፖም ገና አረንጓዴ ጠጠር ሳለ ችኩሌ ቢጫ ይሆናል፣ ጉንጩ ላይ ቀያይ ጭረት ያወጣል፣ ሽታው ደጅ ድረስ ይመጣል። ጉዱ የሚፈላው ከዚያ በኋላ ነው። በደረሰ በጥቂት ቀን ውስጡ እርጥብ ዱቄት ይመስላል፤ ነፋስ ሽው ሲል ይረግፋል፤ ጣት ያረፈበት ቦታ ይጠቁራል። ነጋዴዎች ስሙን ሲሰሙ ፊታቸውን ያዞራሉ። በየዓመቱ ጥቂቱን ቤተሰቡ ይበላዋል፣ የቀረውን መሬት ይበላዋል።

በዚያ ዓመት ችኩሌ ሊደርስ ሲል ባሏ ከመሰላል ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ጀሶ ታስሮ ተኛ። መርፌን ያስጨነቃት ስብራቱ አልነበረም፤ አጥንት ይገጥማል። ያስጨነቃት ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መቅረቱ ነው። ምን ልስጥህ ስትለው «እንደፈለግሽ»፣ መስኮቱን ልክፈት ስትለው «እንደፈለግሽ»።

አንድ ጠዋት የሞተር መጋዝ ድምፅ ሰማች። የጀመረችውን ቀሚስ የስፌት መኪናው ላይ ጥላ ስትሮጥ፣ የባሏ ወንድም ከችኩሌዎቹ ሥር ቆሞ መጋዙን ሲያስነሳ ደረሰች።

«ጋሼ! ምን እያደረግክ ነው?»

«ማድረግ የነበረብኝን። ይህን ጨርሼ የሚቆይ ፖም እተክልበታለሁ። ደግሞ ባልሽን አስፈቅጃለሁ።»

«ምን አለህ?»

«እንደፈለግክ አለኝ።»

መርፌ ሄዳ ግንዱን በጀርባዋ ተደገፈች። «እሱ ሰሞኑን ለሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ቤቱን አቃጥለው ብትለውም እንደዚያው ይልህ ነበር። ፍሬ የተሸከመ ዛፍ አትቆርጥብኝም።»

«ፍሬው የት ሊደርስ? ስንት ዓመት ስናየው ኖርን እኮ!»

«ዘንድሮ እኔ ልየው።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፤ ክፉ ሰው አይደለም። መጋዙን አጠፋና «እሺ፣ መርፌ» አላት። «ዘንድሮም መሬት ላይ ከበሰበሰ ግን እቆርጠዋለሁ፤ ማንም እንዳይለምነኝ።»

መርፌ የጨርቅ እንጂ የፖም ሰው አይደለችም። ችኩሌ ቢጫ ሲሆን ራሷ መሰላል ላይ ወጥታ፣ ከአንዱ ዛፍ የደረሰ ያልደረሰውን አንድ ላይ ሸምጥጣ፣ በጆንያ ጠቅጥቃ ገበያ ወሰደችው። መንገዱ ጎርባጣ ነበር። ጆንያው ሲፈታ ፖሙ ቦክስ ሲማታ ያደረ ይመስላል፤ ያልጠቆረ የለም። ከጎኗ ሽንኩርት የሚሸጠው ሰው «እህቴ፣ በእግርሽ እየረገጥሽ ነው እንዴ ያመጣሽው?» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀባት። እሷም አብራ ሳቀች። ቤት ስትገባ ግን ሆድ ባሳት፤ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ብዙም አልቆየች። እንባዋን በመቀነቷ ጠርጋ «ይህማ ለጋሼ ደስታ ነው» አለችና ከጆንያው ጥቂት ፖም አወጣች።

የጠቆረውን ቆርጣ ጣለች፤ የተረፈውን ልጣና ከትፋ፣ ድስቱ ላይ እንዳይጣበቅ ያህል ውሃ ጠብ አድርጋ ጣደችው። የጀመረችውን ቀሚስ ጠርዝ አጥፋ እስክትመለስ ፖሙ ድራሹ ጠፍቷል። በምትኩ ነጭ፣ እንደ አረፋ የቀለለ ነገር ድስቱን ሞልቶታል። በማንኪያ ቀመሰች። ኮምጠጥ ብሎ ምራቅ ይጠራል፤ ሽታው አፍ ውስጥ ይቀራል። ደግማ ቀመሰች።

በከተማው አንድ ስመ ጥር ኬክ ቤት አለ። የቤቱ ባለቤት የሆነችው ጋጋሪ በእጇም በምላሷም ትታወቃለች። መርፌ የሽርጦቿን ኪስ ስትሰፋላት ስታማርር ሰምታለች፦ በዚህ ወቅት የአምናው ፖም መጋዘን ውስጥ ተጨማዶ ያልቃል፣ አዲሱ አልደረሰም፤ የፖም ኬክ የለንም እያለች ደንበኛ ትመልሳለች። መርፌ በማግስቱ ስድስት ሰባት ደህና ደህና ፖም ከዛፍ ቀጥፋ፣ በሻሽ ጠቅልላ ሄደች።

ጋጋሪዋ አንዱን ገምጣ ፊቷን አኮማተረች። «ጥርስ ያጠርሳል!»

«እትዬ፣ ስኳር ካለ ምን ቸገረሽ?»

ጋጋሪዋ ሳቅ አፈናትና እንደ ልማዷ ስስ ስስ አድርጋ ቆራርጣ ኬኩ ላይ ደረደረችው። ምድጃው ውስጥ ገባ። ጥቂት ቆይቶ የሚያር ነገር ሸተተ። ፖሙ ቀልጦ፣ ከመጋገሪያው ጣባ ገንፍሎ፣ የምድጃውን ወለል አጥለቅልቆታል።

«ይህን ጉድሽን ይዘሽልኝ ሂጂ!» አለች ጋጋሪዋ፣ ጭሱን በፎጣ እያባረረች።

መርፌ ንቅንቅ አላለችም። ጣባው ላይ የቀረውን በጣቷ ጠርጋ ላሰች። «መልኩ ጠፋ እንጂ ጣዕሙ አልጠፋም። ለመደርደር አልተፈጠረም፤ እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ።»

«ውጪ አልኩሽ እኮ!»

ወጣች። በማግስቱ ዓይኗን በጨው አጥባ ተመለሰች። በዚህ ጊዜ የያዘችው ድስት ነው፤ ፖሙን አብስላ፣ ውሃው እስኪመጥ አማስላ፣ ማንኪያ የሚያቆም አድርጋዋለች። ጋጋሪዋ ሊጡን ዳመጠች፣ መሐሉን ሞላች፣ ከደነች፣ ጋገረች። ሲወጣ ከጫፉ ቆርሳ ቀመሰች። ቆማ ሁለተኛ ቆረሰች። ሦስተኛውን ስትቆርስ መርፌ ልቧ ተመለሰ።

«ነገ ታመጫለሽ?» አለች ጋጋሪዋ።

«ፍሬው እስኪያልቅ በየቀኑ።»

«ጠቃጠቆ እንዳላይበት። ስኳሩን እኔ አደርጋለሁ፣ አንቺ እንዳትነኪው።»

መርፌ ደስታዋን ሳትጨርስ፣ ገና መንገድ ላይ ሳለች ሥራው ትዝ አላት። ማን ይለቅማል? ማን ይልጣል? ቤት ገብታ አንድ ሳፋ ሙሉ ፖም ባሏ አልጋ ላይ አስቀመጠች፤ ቢላዋውን እጁ ላይ አደረገች።

«ምንድነው ይሄ?»

«ፖም ነው። ላጥ።»

«እኔ በሽተኛ እኮ ነኝ፣ አንቺ ሴት!»

«የተሰበረው እግርህ ነው፤ እጅህ ምን ሆነ?»

ወደ ግድግዳው ሊዞር ሲል ሳፋው ከለከለው። ተነጫነጨ። አንዱን አንስቶ አገላበጠው። «ይሄ አልደረሰም። ማነው የለቀመው?»

«እኔ።»

«ችኩሌ በአንድ ጊዜ አይደርስም፤ እየተመላለሱ ነው የሚለቀመው። ከፍ አድርገሽ ጠምዘዝ ስታደርጊው እሺ ብሎ ከመጣ ደርሷል፤ እምቢ ካለ ተዪው። ደግሞ በጆንያ ይጨመራል እንዴ?» ለብዙ ቀን ያልተናገረውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረው። ቁጣውን መርፌ እንደ ምርቃት ሰማችው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ጎህ ሲቀድ፣ ጠሉ ሳይደርቅ፣ ጨርቅ በተነጠፈበት ቅርጫት ትለቅማለች፤ ባሏ አልጋው ላይ ይልጣል፤ ድስቱ ይንተከተካል። ልጣጩና እምብርቱም አልተጣለም። ቀቅላ በሻሽ ስታጠልለው፣ ጭማቂው ከስኳር ጋር ሲፈላ ያለ ምንም ነገር ይረጋል፤ ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ በብርሃን ሲያዩት የጽጌረዳ መልክ አለው። ነፋስ የጣለውን ከትፋ፣ ውሃ ሞልታ፣ በጨርቅ ሸፍና ለኮምጣጤ አኖረችው። የስፌት መኪናዋ ላይ ሳይቀር ፖም ተቀመጠ። ወገቧ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ እጇ በፖሙ አሲድ ተሰነጣጥቆ የስፌት መርፌ ሲነካው ያቃጥላታል። ዛሬ ልረፍ ብላ አታውቅም።

የባሏ ወንድም አንድ ከሰዓት በኋላ መጣ። መጀመሪያ የሄደው ወደ ተርታው ነው። ከዛፎቹ ሥር የበሰበሰ ፍሬ ፈለገ፤ አላገኘም። ቤት ሲገባ እንፋሎቱ ተቀበለው። ወንድሙ ትራስ ተደግፎ፣ ልጣጩን ሳይበጥስ አንድ ረዥም ጥምዝ እያወረደ ያፏጫል።

ሰውየው ደጃፉ ላይ ቆመ። «ስታፏጭ ከሰማሁህ ቆየሁ» አለ።

«ቢላዋ እዚያ አለ» አለው ወንድሙ።

መርፌ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሽርጥ አቀበለችው። ሽርጡ ሆዱ ላይ አልደርስ ብሎ ቢያስቸግርም ተቀመጠ። ሲልጥ ግማሹን ሥጋ ከልጣጩ ጋር ይገነጥለዋል። «ጋሼ፣ ፖም ነው እኮ፣ ጠላትህ አይደለም» ስትለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስቱም አብረው ሳቁ።

«ተርታውስ?» አለችው፣ ሊሄድ ሲነሳ። ስለ ዛፍ ማውራት የማይቀር መሆኑን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

«ጫፍ ላይ ያለው ግንዱ ተቦርቡሯል፤ እሱ መቆረጥ አለበት። ሌላው ይቆይ።» ጫማውን እያየ ጨመረ፦ «ተሳስቼ ነበር አላልኩም።»

«እኔም በል አላልኩህም። ይልቅ ያ ከተዳፋቱ ሥር ያለው ዕቃ ቤትህ ባዶ አይደል? ስጠኝ። በዚህ ጓዳ ለከርሞ አልችልም።»

«መስኮት የለውም እኮ። በእንፋሎት ታፍነሽ ልትሞቺ?»

«መስኮት ይከፈትለታል።»

ችኩሌ አልቆ ሌሎቹ ፖሞች መቅላት ሲጀምሩ፣ ባሏ በምርኩዝ ሊቆም ቻለ። ሦስቱ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቆመው መስኮቱ በየት ይሁን በሚል ተጨቃጨቁ። ወንድሙ በሰሜን አለ፤ ባሏ በምሥራቅ አለ። መርፌ ከኪሷ የስፌት ጠመኔ አወጣች፣ ሳጥን ላይ ቆመች፣ ዛፎቹ በሚታዩበት በኩል ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ሠራች።

«እዚህ ጋ ምቱልኝ» አለች።