ለተሸናፊው የተገጠመ

ጥንጓ ከአቧራው መሐል ተስፈንጥራ ወጣችና ከፖሊሶቹ መስመር ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ከወታደሮቹ ወገን አሥር አለቃ ፈንታሁን ቀድሞ ደረሰ። የገና ዱላውን አነሣ፤ ሰነዘረ፤ ሳታት። ሜዳው በሁካታ ተናጠ።

አማረች የፖሊስ መለዮዋን እንደለበሰች ከባልደረቦቿ መሐል ቆማ ከንፈሯን ነከሰች።

«ለመሆኑ አንቺ ዛሬ የማን ነሽ?» አላት ካሳሁን፣ የጣቢያው ቀልደኛ። «የእኛ ነሽ የእጮኛሽ?»

«የደመወዜ ነኝ» አለችው፤ ሳቁ።

በየዓመቱ በገና ዕለት፣ ከቀትር በኋላ፣ ወታደሮቹና ፖሊሶቹ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ በጋፋት መንገድ ካለው ሜዳ ላይ ይገጥማሉ። ሕዝቡም ለሁለት ተከፍሎ ይቆማል። የአማረች እናት ዘነበች፣ ልጇ ፖሊስ ሆና ሳለ፣ ከወታደሮቹ ወገን ነበረች። ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ከሁለት ዓመት በፊት የጌጡን መርዶ ይዞ የመጣው ፈንታሁን ነበር። ጌጡ የአማረች ታናሽ ወንድም ነው፤ ከዛላንበሳ ግንባር አልተመለሰም። «አንዲት ጥይት ደረቱን መታችው፤ አንድም ቃል አልተናገረም። ዓይኑን የከደንኩለት እኔ ነኝ» ብሎ ነበር ፈንታሁን የነገራቸው። ልጇ አለመሠቃየቱ ለእናቷ እንባ ልክ አበጀለት። ከዚያ ወዲህ እየተመላለሰ ገብሱን አጨደላት፤ በረቱን አጠረላት፤ በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ። እናቷ ሽማግሌዎቹን አላስለመነቻቸውም። «የልጄን ዓይን የከደነውን ሰው ምን ብዬ እመልሰዋለሁ?» አለች። አማረችም ወደደችው። ከሁሉ አስቀድማ የወደደችው ያን እጁን እንደሆነ ግን ለማንም ነግራ አታውቅም። ለሠርጋቸው ሦስት ሳምንት ቀርቷል።

ጥንጓን ከፈንታሁን እግር ሥር የነጠቀው ወርቁ ነበር፤ ከሐሙሲት ተዛውሮ ወር ያልሞላው ፖሊስ፣ ሁለት ጣቶቹን በጦርነቱ ያጣ የቀድሞ ወታደር። እየነዳ ወሰዳትና ከወታደሮቹ መስመር አሻገራት። ፖሊስ አሸነፈ።

አሁን የስድቡ ተራ ደረሰ። አሸናፊ ተሸናፊውን መስደቡ ወግ ነው። በዚያች ሰዓት ማዕረግ የለም፤ ተራው ፖሊስ መቶ አለቃውን ይሞልጨዋል፤ የተሰደበውም ይስቃል እንጂ አይቆጣም።

«ጥንግ ያጣ ዓይን ጠላት እንዴት አገኘ?» አለ አንዱ።

«ሙሽራው ላይ አትፍረዱ፤ ጉልበቱን ለጥር አስቀምጦ ነው!» አለ ካሳሁን። ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ፈንታሁን ራሱ ሳቀ፤ እናቷ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

ወርቁ ወደ መሐል ገባ። እሱ አልሳቀም። ዱላውን እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አጋድሞ አዜመ፦

«የፈንታሁንን እግር ማን ይደርስበታል፤
ጌጡ እየተጣራ ትቶት ሮጦ ያውቃል።»

ዜማው ቀላል ስለነበር ሕዝቡ ወዲያው ተቀበለው። አማረችም አጨበጨበች። ሁለቴ አጨብጭባ ለሦስተኛው እጇን ስትዘረጋ ቃሉ ደረሰባት። መዳፎቿ ሳይገናኙ አየር ላይ ቀሩ።

ጌጡ የሚባል ስንት አለ፣ አለች በልቧ። ወደ ፈንታሁን ተመለከተች። ቢቆጣ፣ ወርቁን አንቆ ቢይዘው ኖሮ ታምነው ነበር። እሱ ግን ዱላውን ጥሎ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

ወርቁ ሲመለስ ክንዱን ያዘችው።

«የቱ ጌጡ ነው?»

«ጌጡ ፋንታው። ከአንድ ምሽግ ነበርን፤ የዚሁ አገር ልጅ ነው። ምነው፣ ታውቂዋለሽ እንዴ?»

የአባቷን ስም ስትሰማ ክንዱን ለቀቀችው። ሜዳውን አቋርጣ ስትሄድ ሰው ሁሉ መንገድ ከፈተላት፤ እጮኛዋን ልታጽናና የምትሄድ መስሏቸው ነበር። አንዲት ሴት እንዲያውም እልል አለችላት።

«አንዲት ጥይት ነው ያልከን» አለችው ከፊቱ ቆማ።

ፈንታሁን ቀና አላለም።

«ሆዱን ነበር።»

«ይጣራ ነበር?»

«ስሜን።»

ሌላ መጠየቅ አልፈለገችም፤ አፏ ግን ጠየቀ።

«እስከ መቼ?»

«እስከ ረፋድ ድረስ ሰማሁት። ስንሸሽ ገና አልነጋም ነበር። ተመልሼ አነሣዋለሁ ብዬ ከድንጋይ ሥር ተኝቼ…»

«ዓይኑንስ?»

እጆቹን አገላብጦ አያቸው። ወንድሟ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞት እንባ እምቢ አላት።

«ልጄን አደከማችሁት እኮ!» እናቷ ከሴቶቹ ተለይታ እየሳቀች መጣች። «ለዚህ ነው እንዲህ የጠቆርከው? ዓመት ይመጣ የለም? ተነሥ እንጂ፣ ተነሥ የኔ ጌታ።»

«እማማ፣ እርስዎ…» ብሎ ጀመረ ፈንታሁን።

«እምዬ፣ ቁጭ በይ» አለች አማረች።

«አዬ፣ በበዓል ቀሚሴ? ሣሩ ላይ?»

«ቁጭ በይ፣ እምዬ።»

እናቷ ልጇን አየች፤ ከዚያ አጎንብሶ የተቀመጠውን ሰው አየች። ሳቋ ከፊቷ ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ መሬቱን በእጇ ዳሰሰችና ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ደግሞ ማን ሞተ?» አለች።

አማረች አጠገቧ ተንበረከከች። አፏን ስትከፍት፣ ከወዲያ ማዶ ጭብጨባው ገና አልበረደም ነበር።