የጠበቀችው «ደ»

ሸሪፍ በጆሮው ይኮራ ነበር። ሌላው ሰው ጆሮ የተሰጠው ለጉትቻ ማንጠልጠያ ብቻ ይመስለዋል። ቀበና ድልድይ አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቁ ሁለት ቴፕ ጎን ለጎን አቁሞ ካሴት ያባዛል፤ ዘፈን ሲሰማ ዓይኑን ጨፍኖ ሰሙን ይተውና ወርቁን ይፈልጋል። ዘመኑ ደግሞ የደርግ ነው። ወርቅ ያልተደበቀበት ዘፈን ለሸሪፍ ዘፈን አልነበረም።

ቀይ ሽብር ጋብ ባለ በሁለተኛው ክረምት እትዬ ወርቅአየሁ ወደ ሱቁ መጡ። ዱሮ በኦርኬስትራ ታጅበው የዘፈኑ፣ ስማቸው በሸክላ የታተመ ሴት ናቸው። ከዚያ በድንገት ዝም አሉና ከእንጦጦ ሥር፣ ከወንዙ በላይ ባለች ቤታቸው ስድስት ዓመት ተቀመጡ። ለምን እንደተዉት ሸሪፍ አያውቅም፤ ጠይቆም አያውቅ። አሁን በክራር ብቻ የተዘፈነ አንድ ካሴትና ሳንሱር ማኅተም የመታበት የግጥም ወረቀት ይዘው ነበር።

«ሃምሳ ብቻ አባዛልኝ» አሉት። «የሚሰማ ካለ ይስማው።»

ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚል ነበረበት፤

ቀበና ሲሞላ ዳር ላይ ቆመን ዋልን፣
ገደሉን እያየን ሁላችን ዝም አልን።

ሳንሱሩ ያየው ገደል ነው። አልተሳሳተም፤ ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። «ደ» ከላላች ነገሩ የወንዝ አፋፍ ነው። ከጠበቀች ግን ገዳይ አለ፣ ሟች አለ፣ ቆሞ ያየም አለ።

ሸሪፍ እንደ ልማዱ መጀመሪያ አንድ ቅጂ አወጣና ለራሱ አስቀመጠ። ከዚያ ዋናውን ካሴት ማድመጥ ጀመረ፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ጆሮው ቆመ። ጠበቀች? አልጠበቀችም? ወደኋላ አጠነጠነና ደገመው። ደግሞ አጠነጠነ። ያን ቀን ሃያ ጊዜ፣ በማግስቱ አርባ ጊዜ ያችኑ ቦታ ሰማት። በሦስተኛው ቀን ጥርጥር አልቀረውም፤ «ደ» ጥብቅ ብላ ተሰማችው። ደስታው ልክ አልነበረውም። ሃምሳውን ቅጂ ከዚያው ካሴት አወጣ።

መጀመሪያ የነገረው ለጓደኛው ለታክሲ ነጂው ለይማም ነው።

«‹ደ›ን አጥብቀህ ስማት» አለው።

ይማም ሰማና ራሱን ያዘ። «ወላሂ! ጉድ እኮ ነው! እኚህ ሴትዮ ምን ዓይነት ልብ ነው ያላቸው?»

«ለማንም እንዳትናገር ታዲያ።»

ለታክሲ ነጂ እንዲህ ብሎ ምሥጢር መስጠት በአዋጅ ከማስነገር አይለይም። ነሐሴ ሳያልቅ ዘፈኑ ከቀበና ፒያሳ፣ ከፒያሳ መርካቶ ደረሰ። ሃምሳው አምስት መቶ ሆነ፤ ሰው ካሴቱን ከመግዛቱ በፊት ሸሪፍን በዓይኑ ይጠቅሰዋል፤ ሸሪፍም መልሶ ይጠቅሳል። ስሟ ወርቅአየሁ፣ ወርቁን ያየው ግን ሸሪፍ ነው እያሉ ሲቀልዱ በኩራት ያብጥ ነበር።

ለአብዮት በዓል ቀበሌው እትዬ ወርቅአየሁን አዳራሽ ጠርቶ አዘፈናቸው። ከፊት ረድፍ ባለሥልጣኖቹ፣ ከኋላ የሰፈሩ ሰው ሞልቷል። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ያችን ስንኝ ሲጀምሩ አዳራሹ በአንድ ድምፅ ተቀበላቸው፤ «ገደሉን!» ሁሉም «ደ»ን አጥብቆ፣ ጥርሱን ነክሶ። አረጋውያን ተነሥተው ያለቅሱ ነበር። የሰፈሩ ሰው ስለ ዘፈን ሲያወራ ዛሬም ያን ቀን ያነሣል። ሸሪፍ እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ። እትዬ ወርቅአየሁ ግን ክራሩን አቁመው፣ ሰው ያለ ስሙ እንደ ጠራው ሁሉ ግራ ገብቷቸው ሕዝቡን ያዩ ነበር። ያን አስተያየት ሸሪፍ አይቷል። ትወና መሰለው።

በሦስተኛው ቀን ወሰዷቸው። «ገደል ነው ያልኩት» ቢሉም ካሴቱን አሰሟቸው፤ የገዛ ድምፃቸው መሰከረባቸው ተባለ።

ሸሪፍ ደንግጦ ያለውን ካሴት ሁሉ ሲደብቅ ያች የመጀመሪያዋ ቅጂ እጁ ገባች። ከመደበቁ በፊት ሰማት። «ደ» ላልታለች። ዋናውን አጫወተ፤ ጠብቃለች። የካሴቱን ክር በብርሃን ሲያየው፣ እሱ መቶ ጊዜ ያጠነጠናት ቦታ ላይ ሳስቶ ተለጥጧል፤ ድምፁም አብሮ ተለጥጦ «ደ»ን አጥብቋታል። ወርቁን አላገኘውም፤ የሠራው ራሱ ነበር።

ካሴቷን ይዞ ወዳሰሯቸው ሰዎች ሄዶ «ጥፋቱ የክሩ ነው» ማለት ይችል ነበር። ነገ እሄዳለሁ አለ። ሚስቱ ሰብሪያ «ልጆችህን አስብ» ስትለው፣ ምክንያት ስለሰጠችው በልቡ አመሰገናት። ያ ነገ አሥራ አራት ወር ቆየ።

ተፈቱ ሲባል ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ፣ ካሴቷን ኪሱ ከትቶ ሽቅብ ወጣ። እትዬ ወርቅአየሁ በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ክራሩ ግድግዳ ላይ ያለ ጅማት ተሰቅሏል።

«እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ፣ እትዬ።»

«አሜን። ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። ሁሉንም ተናገረ፤ ክሩን፣ ይማምን፣ ያችን ቅጂ።

«ልጅ ነበረችኝ፣ ታደለች የምትባል» አሉ። «አሥር ዓመቷ ነበር። ወንዝ ዳር ልብስ እናጥባለን፤ ጎርፍ ከሥር የበላው አፋፍ ላይ ወጣች። ሁላችንም አየናት። እኔ ጎረቤቴ አስካለች ትጠራታለች ብዬ፣ አስካለችም እናቷ ትጠራታለች ብላ። ከዚያ አፋፉ ተናደ። ስድስት ዓመት አፌ አልተፈታም። ሲፈታ ያችን ስንኝ አወጣሁ።»

ሸሪፍን ያኮራው ጆሮ እናት ለልጇ ስታለቅስ አልሰማም።

«እንደገና ይዘፍኑት እንጂ፣ እትዬ! እኔ እውነቱን ለሰው ሁሉ እነግራለሁ።»

«ለማን? ከእስር ስወጣ ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች እዚህ በር ላይ መጥተው አለቀሱ። ‹የኛን ዘፈንሽልን› አሉኝ። እንዴት ብዬ የናንተ አይደለም ልበላቸው? ሰጠኋቸው። ለታደለች ግን የቀረኝ የለም።»

ካሴቷን አውጥቶ ዘረጋላቸው። አልተቀበሉትም።

«ላልታ የሰማሃት ቀን ለምን አልሄድክም?»

«ፈራሁ» አለ። «ደግሞ... ዘፈኑን የቀረጹት ሰዎች አሉ፣ ሌላ ሰው ይናገራል ብዬ።»

እትዬ ወርቅአየሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩት። ቁጣ የለባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

«እንግዲያ ያዛት» አሉት። «ዳር ላይ የቆመ ሰው ዘፈን ናት። ያንተም ናት።»

ሸሪፍ ቁልቁል ወረደ። ድልድዩ ላይ የይማም ታክሲ አልፋው ሄደች፤ መስኮቷ ተከፍቶ፣ ተሳፋሪዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያችኑ ስንኝ «ደ»ን እያጠበቁ ይዘፍናሉ። ላልታ ነው ሊላቸው አፉን ከፈተ። ከዚያ ዝም አለ።